የአራሚው ሽንፈቶች

«ሰው ፊት ሳይዋረድ ንገረው» አለች እናቴ።

«ምኑን ነው የምነግረው?» አለ አባቴ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አውቀህ እንደተሸነፍክለት ነዋ! ልጁ እኮ የእውነት መስሎት ነው ዛሬ ክለብ ልመዝገብ ብሎ የተነሣው።»

እሑድ ጧት ነው። አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ጆሮ ባዳ መሆን ይቸግረዋል። የእኔን ክፍል ከወጥ ቤቱ የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ስንቴ እንደዞረ እንኳ ይሰማል። ማንኪያው ዞረ፣ ቆመ። ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተይው። እውነቱን ቢያውቅ ምን ይቀረዋል? ቀና የሚለው በዚህችው ብቻ ነው» አለ። እናቴ የድስት ክዳን አነሣች፣ መልሳ ከደነች። እኔም ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቅሁ፤ ገልብጬ ማጥለቄን ያወቅሁት ማታ ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም ኖረ። ከወጣም በኋላ አልለቀቀውም፤ ጋዜጣ የሚያነበው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው፣ ታትሞ ያለቀውን፣ ማንም ተመልሶ የማያስተካክለውን ጋዜጣ ያርማል። እኔ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አጎቴ በመጣ ቁጥር «አባትየው ያርማል፣ ልጅየው ያባዛል» ይልና ራሱ ብቻ ይስቃል። ሥራው ቁጭ ብሎ ለሚያልም ሰው ይመቻል፤ ክዳኑን መክደን፣ ቁልፉን መጫን፣ ብርሃኑ ከጫፍ ጫፍ ሲሄድ ማየት ነው። ብርሃኑ ሲሄድ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰውዬ አዲስ አባል የሚቀበሉ የቼዝ ክለቦችን አድራሻ ይዞ መጥቶ ሃያ ቅጂ አሠራ። ሃያ አንደኛውን ለራሴ አነሣሁ። ሦስት ክለብ ነበረበት። ትናንት እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሦስተኛው ጋ ደርሼ «ከእንጨት መሸጫው ጀርባ፣ አሮጌው የወረቀት መጋዘን፣ አንደኛ ፎቅ» ስል የአባቴ ማንኪያ ሾርባው ውስጥ ቆመ። «እሱ እንኳ ሩቅ ነው» አለ። «ደረጃውም ሰባራ ነው።» በምን ዐወቅህ አላልኩትም። በእኛ ቤት አንድ ሰው አንድ ነገር ከተናገረ ቀሪው የዝምታ ተራ ነው።

ጨዋታችን የተጀመረው የማጠናቀቂያ ፈተና የወደቅሁ ጊዜ ነው። ያኔ ሦስት ወር ፊቴን ወደዚሁ ጣውላ አዙሬ ተኛሁ። አባቴ እሑድ እሑድም ሥራ አለ እያለ ከቤት ይወጣ ነበር፤ አንድ እሑድ ግን ሳንጠብቀው በጊዜ ገባና የካርቶን ሣጥን አልጋዬ ላይ አስቀመጠ። «ተነሥ እስቲ፣ የሚያጫውተኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። ያን ቀን አሸነፈኝ፣ በማግስቱም አሸነፈኝ። በሳምንቱ አሸነፍኩት። ግንባሩን በመዳፉ መትቶ «አይ፣ አመለጠችኝ!» ሲል የሳቅሁትን ሳቅ እናቴ ከወጥ ቤት ሰምታ አልቅሳለች አሉ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ከእራት በፊት አንድ ጨዋታ እንጫወታለን፤ ከአምስቱ አራቱን እኔ አሸንፋለሁ። ከመጀመሪያ ሥራዬ የተባረርኩ ቀን አሸንፌያለሁ። የወደድኳት ልጅ ያገባች ቀን አሸንፌያለሁ። በሌላው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ የምል ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ለሌላ ሰው ያሉ ይመስለኝና ዞሬ አያለሁ። ማሽኑ ፊት ቆሜ ደንበኛ ሲጮህብኝ ግን፣ በሆዴ፣ እኔ እኮ አባቴን የማሸንፍ ሰው ነኝ እላለሁ። እንግዲህ ለእኔ የነበረችኝ ይቺው ናት። በዚያች ጧት ከጣውላው ወዲያ የተወሰደችብኝም ይቺው ናት።

ስወጣ አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያርማል። እናቴ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችና አንገትጌዬን አስተካከለች፤ ተስተካክሎ ሳለ ደግማ አስተካከለችው። ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ጃንጥላ ያዝ» አለኝ አባቴ፣ ቀና ሳይል። «አይዘንብም» አልኩት። «ያዝ ለማንኛውም።» ያዝኩ።

የመጀመሪያው ክለብ የትልቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ሰዓት አለው፤ ግድግዳው ላይ ዋንጫ የያዙ ሰዎች ፎቶ ተደርድሯል፣ ሁሉም ዋንጫውን እንጂ ካሜራውን አያዩም። መዝጋቢዋ ኮምፒዩተሯን ወደ ራሷ አዙራ ጠየቀችኝ።

«ነጥብ አለዎት?»

«የምን ነጥብ?»

«እሺ፣ የለዎትም።» ጻፈች። «ከዚህ በፊት የት ክለብ ነበሩ?»

«ቤት ነው የምጫወተው። ከአባቴ ጋር።»

«እዚህ ጋ የሚሞላው የክለብ ስም ነው» አለች፣ ሳትከፋም ሳትስቅም። ባዶውን አለፈችው።

ለመፈተሻ ከአንድ መነጽር ካደረገ መሐንዲስ ጋር አስቀመጡኝ። ቦርሳውን ከትከሻው አላወረደም፤ ብዙ እንደማልቆይ ቀድሞ የገባው ይመስላል። እስከ ስምንተኛው የጠጠር እርምጃ ድረስ ደህና ነበርኩ። ስምንተኛው ላይ ቀና ብዬ አየሁት፤ ምን እንደምጠብቅ ግን ለራሴም አልገባኝም። እሱ ምንም አልሰጠኝም። ወታደሮቹ ተያይዘው መጡ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ቀዳዳ የሌለው አጥር ሆነው። ንጉሤ ጥግ ውስጥ ሲታሰር ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም ነበር። «ጥሩ ነው» አለኝ፣ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚለው። ጀማሪዎች ማክሰኞና ሐሙስ እንደሚማሩ፣ በሦስት ወር መሠረቱን እንደሚያስይዙኝ አስረዳኝ። መሠረት! የወሩ መዋጮ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው፤ የእኔን ጫማ ሳይሆን የመዝጋቢዋን። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሊፍቱን ትቼ በእግሬ ወረድኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ሳይሆን ሐፍረት ነው። «አባዬ፣ ፈረስህን እያየህ እንጂ» ብዬው አውቃለሁ። «እርጅና መጣ» ብዬ ቀልጄበት አውቃለሁ፤ «መጣ እኮ፣ ምን ይደረግ» ብሎ ተቀብሎኛል። አንድ ጊዜ ንግሥቴን ሠውቼ ያሸነፍኩትን ጨዋታ ለአጎቴ ሦስቴ ስተርክ፣ አባቴ አቀርቅሮ ዳቦ ይቆርስ ነበር። ለካ ያቺን ንግሥት የምሠዋበትን መንገድ፣ ድንጋይ እንደሚያነጥፍ ሰው ተንበርክኮ አንድ በአንድ ያነጠፈልኝ እሱ ነው። ከሐፍረቱ በኋላ ንዴቱ መጣ። ለካ ለእኔ ያለው ግምት ይሄን ያህል ነው። ሰው በልጁ ተስፋ ካልቆረጠ በቀር ዘጠኝ ዓመት በማንኪያ አያጎርሰውም። ፌርማታው ላይ ቆሜ የእናቴን ዳቦ በላሁ፤ አልራበኝም ነበር፣ እጄ ሥራ እንዲይዝልኝ ነው። ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። ወደ ቤት የሚወስደውም ነበረበት። ግን ቤት ገብቼ ምን ልል ነው? አባቴ ከመስኮቱ ሥር ቀና ብሎ ያየኛል፣ ፊቴን አንብቦ ይጨርሳል፣ እኔም እሱን አነባለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ማታም ሰሌዳው ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። የቀሩትን ሁለቱንም ማየት አለብኝ አልኩ። ቢያንስ ምን ያህል ባዶ እንደሆንኩ በልክ ልወቅ።

ሁለተኛው ፀጉር ቤት ነው። በፊት ለፊት ይላጫሉ፣ ከመጋረጃው ኋላ ይጫወታሉ፤ መጋረጃው ግን ተሰብስቦ የታሰረ ስለሆነ ፊትና ኋላ የለውም። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ ከተሸፈነ ወፍራም ደንበኛ ጋር እየተጫወተ ነው፤ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ በሌላው እጁ ጠጠር ይገፋል።

«ያን ፈረስ ወዴት ነው የምትነዳው፣ ሣር ልታበላው ነው?»

«አንተ ጺሜን ላጭ፣ ፈረሴን ለእኔ ተወው!»

«ላጭቼ ብጨርስህማ ተነሥተህ ትሄዳለህ። ገና ንግሥትህን አልበላሁም።»

እኔን ያስቀመጡኝ ከአንድ የታክሲ ሾፌር ጋር ነው። ጠጠሩን አያስቀምጥም፣ ይወረውረዋል፤ ሰሌዳው በዘለለ ቁጥር የማበጠሪያው ብርጭቆ ይንጫጫል። ትንሽ ሳስብ «ወንድሜ፣ እያሰብክ ነው ወይስ አንቀላፍተህ ነው?» ይለኛል። የመጀመሪያውን ጠጠር እንደበላሁበት ሳላስበው መሐረቤን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩና ጠጠሩን በጎኑ አጋደምኩት። በቤታችን እንዲህ ነው፤ የተበላ ጠጠር አይቆምም፣ አይጣልምም። መሐረብ ላይ ራሱን ወደ ሰሌዳው አድርጎ በተራ ይተኛል። አባቴ «ደክሞታል፣ ይረፍ» ይላል። ሾፌሩ መሐረቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ኧረ ኑ እዩ! ሰውዬው ሬሳ እያስተካከለ ነው!»

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለ ባለ አረፋው።

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ወዲያው «ቀባሪው» የሚል ስም ወጣልኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ተሸነፍኩ፣ በተሸነፍኩ ቁጥርም ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ ሻይ አዘዙልኝ። «ቀባሪው፣ እዚሁ ቅር» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፣ የምር። «እንዳንተ ደህና አድርጎ የሚሸነፍ ሰው አጥተን እርስ በርሳችን ተበላልተን አለቅን። መዋጮ አንልህም፣ ፀጉርህን እዚህ መቆረጥ ብቻ ነው።» ልቀር ምንም አልቀረኝ። ሰው ወንበር ሲያጠጋጋልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ግን መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ፤ አምስተኛውን ልሸነፍ ጠጠሮቹን እየደረደርኩ ነው፣ ከቤት ተጣልቼ ወጣሁ ሲል የነበረው ሾፌርም ፊቱ በርቶለታል። እዚህ ብቀር፣ አባቴ ለእኔ የሆነልኝን ለእነዚህ ሰዎች ልሆንላቸው ነው። ልዩነቱ እሱ ዐውቆ ነው፣ እኔ አቅቶኝ ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ተነሣሁ። «ቀባሪው፣ ለሰልስቱ ና!» አሉኝ ከኋላዬ።

የወረቀት መጋዘኑ ሩቅ ነበር፣ አባቴ እንዳለው። ከእንጨት መሸጫው ጀርባ፣ የጣውላ ብናኝ በለበሰ ግቢ ውስጥ፣ ከውጭ በኩል የብረት ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው እርከን የለም። ቆሜ አየሁት፤ የተሰበረበት ጫፍ ዝጎ ዝጎ ለስልሷል፣ የዛሬ ስብራት አይደለም። ሾርባው ውስጥ የቆመው ማንኪያ ትዝ አለኝ። ክፍተቱን ተሻግሬ ወጣሁ።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፣ ወረቀት ለዘመናት ያደረበት ቤት ሽታ አለው፤ ደረቅ፣ ትንሽ ጣፋጭ። በድሮ የወረቀት መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰሌዳ ተዘርግቷል። ስድስት ሽማግሌዎችና አንዲት አሮጊት አሉ፤ ማንም ቀና አላለም። ሻይ የሚቀዳው ሰውዬ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አስሯል።

«ከማን ጋር መጣህ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ። ልመዝገብ ብዬ ነው።»

«እዚህ ሰው በሰው ነው የሚገባው። አባል እጁን ይዞ ያላስገባውን አንጽፍም። መጫወቱን ግን ማን ከልክሎህ? ተቀመጥ። መርፌ፣ አንቺ ባዶ ነሽ አይደል?»

መርፌ የሚሏት አሮጊቷን ነው። ዕድሜ ልኳን መጽሐፍ ስትጠርዝ የኖረች ናት፤ የአመልካች ጣቷ ጫፍ በክር ተበልቶ መስመር አውጥቷል። ነጩን ሰጠችኝ። ሰላምታም ጥያቄም የለም። እስከ ሰባተኛው እርምጃ ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከዚያ አንድ ወታደሯን በላሁ። እጄ ልማዷን አትተውም፤ መሐረቤን አነጠፍኩ፣ ወታደሩን በጎኑ አጋደምኩ፣ ራሱን ወደ ሰሌዳው። እነዚህ ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ መርፌ ያነሣችውን ፈረስ መልሳ ቦታው አስቀመጠች።

«ይሄን ማን አሳየህ?»

«አባቴ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ነበር የሚሠራው አባትህ?»

«አራሚ።»

ሻይ የሚቀዳው ሰውዬ እጁ ቆመ። ሌሎቹም ቀና አሉ። መርፌ በዚያች ክር በበላት ጣቷ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አሳየችኝ። አንድ ሳንቃ ላይ ምስማሮች ከላይ ወደ ታች ተመትተዋል፣ በየምስማሩም ቅጽል ስም የተጻፈበት ጠፍጣፋ እንጨት ተንጠልጥሏል። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ አነበብኩ። ሙጫ። ቁልፍ። ሁለተኛው ላይ መርፌ። ከሁሉ በላይ፣ ቀለሙ በፀሐይ የደበዘዘ፣ ግን አቧራ የሌለበት፦ አራሚው።

«በእኛ ሕግ ከላይ ያለውን ሳታሸንፍ አትወጣም» አለች መርፌ። «ከሌለ ሰው ጋር ደግሞ ማን ይጫወታል? ዘጠኝ ዓመት ሁለተኛ ሆኜ ቀረሁ። አውርጂውና ውጪ ይሉኛል እነዚህ። ያላሸነፍኩትን ሰው ቦታ አልወርስም።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ እሑድ እሑድ ሥራ አለኝ ነበር የሚለን።»

«ይበል። ሃያ ዓመት እዚህ ነው የሠራው።» ሻይ ቀጂው፣ ጋሼ ቁልፍ፣ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። «አንድ እሑድ መጣና ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ። ቤት የሚጠብቀኝ ጨዋታ አለ አለን። ከማን ጋር ብንለው፣ ከከባድ ሰው ጋር ነው አለ። እኛ የሆነ ጉድ ተጫዋች አግኝቶ ጥሎን የሄደ መስሎን ስንቀና ኖርን።» ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ከባዱ ሰው አንተ ነሃ።»

ጨዋታውን ጨረስነው። ተሸነፍኩ። ግን የመሐንዲሱን ያህል ቶሎ አልነበረም፤ አንድ ጊዜም ግንቧን ሳታስተውል አጋልጣው አየሁባትና በላሁት፣ አገጯን ይዛ ሰሌዳውን አጠናች። ጠጠሮቹን ስንሰበስብ ድንገት፣ «ስጦታ ትጠብቃለህ» አለችኝ። «በየስምንት እርምጃው ቀና ብለህ ፊቴን ታያለህ። አንድ ነገር እንድጥልልህ። ማነው ይሄን ያስለመደህ?» ያን ጊዜ ጧት በጣውላው የሰማሁትን ነገርኳት። ለምን ለማላውቃት ሴት እንደነገርኩ አላውቅም። ምናልባት ሁለተኛ ሆኖ መቅረትን ስለምታውቅ ይሆናል። ንዴቴንም ነገርኳት፣ ንቆኝ ነው አልኳት።

መርፌ ሻይዋን እፍ አለች። «አባትህን አንድ ጊዜ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ አንዲት ፊደል አምልጣው፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ነጠላ ሰረዝ የማያልፍ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ሲያርም ውሎ፣ ማታ በገዛ እጁ ስሕተት መሥራት…» ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሸችው። «መሸነፍ ቀላል እንዳይመስልህ። ሳይታወቅ መሸነፍ ደግሞ እኔ አልችለውም። ግንቤን ያየህብኝ በእሱ ነው፤ ስሕተት እያሳነሰ እያሳነሰ አሳይቶሃል። ብቻ እሱ የሚሠራውን ስሕተት እንጂ አንተ የምትሠራውን የሚነግርህ አላገኘህም። የአባትህ ጥፋት ይቺው ናት።» ከዚያ እንደ መቆጣት ብላ፣ «እንዲህ በለው። ወይ መጥቶ ያሸንፈኝ፣ ወይ መጥቶ ይሸነፍልኝ። ግን የእውነቱን ሽንፈት ነው የምፈልገው፣ የቤቱን አይደለም» አለችኝ።

ቤት ስገባ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ወለሉ ላይ ነበረች። ሰሌዳው ተዘርግቷል፣ ጠጠሮቹ ተደርድረዋል፤ በአባቴ በኩል መሐረቡ ተነጥፏል። ጋዜጣው ተጣጥፎ ቀዩ እስክሪብቶ ላዩ ላይ ነው። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ስገባ ውሃውን ዝቅ አደረገችው።

«መጣህ?» አለ አባቴ።

«መጣሁ።»

«ዘነበ እንዴ?»

«አልዘነበም።»

ተቀመጥኩ፣ የራሴን መሐረብ አነጠፍኩ። ተራው የእሱ ነው፤ እጁን ወታደሩ ላይ አድርጎ ሳያነሣው፣ «እንዴት ነበር?» አለኝ። ከፊቴ ሳይሆን ከሰሌዳው ላይ መልሱን የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ሦስቱንም አየኋቸው» አልኩ። «ደረጃው እውነትም ሰባራ ነው።»

እጁ ወታደሩ ላይ ቀረች። ከወጥ ቤት የሚሰማው ውሃ ተዘጋ።  በመጨረሻ ወታደሩን ገፋ፣ እኔም ገፋሁ። እንደ ሁልጊዜው ዝም ብለን ተጫወትን። ዝምታው ግን እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ ሁለታችንም ከውስጡ ሆነን አንድ ነገር እንጠብቃለን። ዘጠነኛው እርምጃ ላይ አባቴ ፈረሱን አንሥቶ ወታደሬ አፍ ውስጥ አስቀመጠው። አየሁት። ፈረሱን ብቻ ሳይሆን እጁን አየሁ፤ ከጠጠሩ ተላቅቃ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወጣ ብላ፣ ግንባሩን ለመምታት ተዘጋጅታ የምትጠብቀውን እጁን። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነበረች። አንድም ቀን አላየኋትም።

ወታደሬን አላነሣሁም። ጣቴን ፈረሱ ራስ ላይ አደረግሁ።

«አባዬ፣ ይሄ ስሕተት ነው።»

«የቱ?»

«ይሄ። አርመው።»

ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ እጇ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆማለች። አባቴ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ከእኔ ጋር ሲጫወት አድርጎት አያውቅም ነበር። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ አደረገው፣ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ፣ ጋዜጣው ላይ እንደሚያጎነብሰው። ፈረሱን መለሰው። ሌላ ቦታ አኖረው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰው ሌላ ነው፤ አይተነፍስም፣ አያማርርም፣ እጁ ብቻ ሄዳ ትመለሳለች። አሥራ አንድ እርምጃ አልፈጀበትም። ንጉሤ መሄጃ አጣ።

ግንባሩን የመታ የለም። ንጉሤን ራሴ አንሥቼ መሐረቡ ላይ፣ ከወታደሮቹ ጎን አጋደምኩት።

«አመለጠችኝ» አልኩ።

«አላመለጠችህም» አለ አባቴ።  «ከአራተኛው ጀምሮ ነው የተሳሳትከው። ይሄን ወታደር ለምን ገፋኸው? ና ላሳይህ።» ጠጠሮቹን ከመሐረቡ እያነሣ አንድ በአንድ ወደ ነበሩበት መለሳቸው፤ አንዱንም አልሳተም። አሳየኝ። አልገባኝም አልኩት፣ ደግሞ አሳየኝ። እናቴ ተመልሳ ውሃውን ከፈተች።

«እዚያ ሰው በሰው ነው የሚገባው አሉኝ» አልኩ በመጨረሻ። «አባል እጄን ይዞ ካላስገባኝ አይጽፉኝም። እትዬ መርፌም ሁለተኛ መሆን ሰልችቶኛል ብላለች።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ጋዜጣውን ሳበ፣ አላነበበውም፤ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተ፣ ዘጋ።

«እሑድ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለኝ፣ ከእኔ ይበልጥ እሱ የሚያውቀውን።

«እንደ ድሮው ነው አሉ።»